የኋላውን ጎማ ከመግዛትዎ በፊት የፊተኛውን ይመልከቱ

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብሁት። በሞረትና ጅሩ ወረዳ የእንስሳት ጤና ባለሙያ እንደሆኑ፣ የሚነዱት ያማሃ ዲቲ 125 ሞተር ብስክሌት የኋላ ጎማው እንዳለቀ፣ ከሳምንቱ ጉዞዎ የሚበዛው በአስፋልትና በጠጠር መንገድ ሆኖ የቀረው ከቀበሌ ቀበሌ በሚወስደው የጥቁር አፈር መንገድ ላይ እንደሆነ ጽፈዋል። ሻጩም ሦስት ዓይነት ጎማ፣ ማለትም የአስፋልት፣ ባለ መካከለኛ ጥርስና ባለ ትልልቅ ጥርስ፣ ካሳየዎት በኋላ ባለ ትልልቅ ጥርሱን፣ ያውም ከነባሩ ሰፋ ያለውን 4.60-18፣ እንዲወስዱ መክሮዎታል። እኔ በምሥራቅ ጎጃም፣ በደጀንና በብቸና ዙሪያ፣ በዚሁ ዓይነት ሞተር ለ11 ዓመት ሠርቻለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት ወደ 12 የኋላና 6 የፊት ጎማ ቀይሬያለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ስለ ገዛሁና ስሕተቱም ዋጋ ስላስከፈለኝ፣ የማውቀውን ሳላሳጥር ልጽፍልዎ ወደድሁ።

በቅድሚያ ምክሬን ልናገር። ለኋላው ጥርሱ መካከለኛ የሆነውን፣ በነባሩ ልክ 4.10-18፣ ይውሰዱ፤ ነገር ግን ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ጎንበስ ብለው የፊተኛውን ጎማ ይመርምሩ። በጥያቄዎ ውስጥ ስለ እሱ ምንም አልጠቀሱም፤ ብዙዎቻችን የምንዘነጋውም እሱን ነው። የኋላው ጎማ የሞተሩን ጉልበትና የጭነቱን አብዛኛውን ክፍል ስለሚሸከም ቶሎ ያልቃል፣ ማለቁም ለማንም ግልጽ ሆኖ ይታያል። የፊተኛው ግን ቀስ በቀስ ስለሚበላ፣ በተለይም የጥርሶቹ ጠርዝ እየተሞረደ ስለሚሄድ፣ ባለቤቱ ሳያስተውለው ሁለትና ሦስት የኋላ ጎማ እስኪቀየር ድረስ እዚያው ይቆያል። የኋላው ሲንሸራተት ሞተሩ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ነጂው ለማስተካከል ፋታ ያገኛል፤ የፊተኛው ሲንሸራተት ግን መሪው ትርጉም ያጣል፣ ሰውየውም የሆነው ነገር ሳይገባው መሬት ላይ ነው። በ11 ዓመት ውስጥ ክፉኛ የወደቅሁት ሦስት ጊዜ ሲሆን ሦስቱም ጊዜ የከዳኝ የፊተኛው ጎማ ነበር፤ በአንደኛው ክንዴ ተሰብሮ ሁለት ወር ያለ ሥራ ቤት ውያለሁ። ስለዚህ በጀቱ ለአንድ ጎማ ብቻ ቢፈቅድና ሁለቱም ያረጁ ቢሆኑ፣ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የፊተኛውን አስቀድሜ እቀይር ነበር።

ፊተኛውን ሲመረምሩ መሐሉን ብቻ አይመልከቱ። አውራ ጣትዎን በጥርሶቹ ጎንና ጎን ያሳልፉ፤ ጠርዛቸው ጣት የሚይዝ ከሆነ ገና ሥራ አለው፣ ተሞርዶ ከለሰለሰ ግን ከፍታው ቢኖረውም በጠጠር ኩርባ ላይ አይነክስም። የጥርሱ ጥልቀት ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ከወረደ፣ ለአስፋልት የሚሆን ቢመስልም ለክረምት አልተማመንበትም።

አሁን ወደ ሦስቱ ዓይነቶች ልመለስ። ሻጩ ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ ለጭቃ ይበልጣል ማለቱ እውነት ነው። በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ ጎማው ሲሽከረከር የያዘውን ጭቃ ይወረውራል፣ ሁልጊዜም የሚነክስበት ንጹሕ ጥርስ ያገኛል። የአስፋልት ጎማ ግን በጥቁር አፈር ላይ ከጥቂት ሜትር በኋላ መስመሮቹ በጭቃ ተሞልተው እንደ ተለሰነ ግድግዳ ልሙጥ ይሆናል። ይህን አይቼ ነው በ2004 ዓ.ም. ክረምት ከፊትም ከኋላም ባለ ትልልቅ ጥርስ የገጠምሁት፤ በብቸና ዙሪያ በነበረው ጭቃም ሞተሩ እንደ በቅሎ እየረገጠ ይወጣልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ወደ ጎሐ ጽዮን ለመሻገር ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስወርድ ዝናብ ያዘኝ። ያንን ቁልቁለት የሚያውቅ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መሬቱ እየተንሸራተተ አስፋልቱን ስለሚያጎብጠው መንገዱ በየቦታው ማዕበል የመሰለ ነው። በአንዱ ኩርባ ላይ የፊት ፍሬኑን በጣም በቀስታ ነካሁት፤ ፊተኛው ጎማ ሸርተት አለ፣ እኔም በጎኔ እየተንሸራተትሁ ከመንገዱ ዳር ካለው ቦይ ገባሁ። ከኋላዬ ይመጣ የነበረው የጭነት መኪና ራቅ ብሎ ባይሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ ሰው አይኖርም ነበር።

ምክንያቱን የተረዳሁት ቆይቶ ነው። ባለ ትልልቅ ጥርስ ጎማ አስፋልትን የሚነካው በጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ ከመሬት ጋር የሚገናኘው የጎማ ስፋት አነስተኛ ነው፤ ረጃጅሞቹ ጥርሶች ደግሞ ፍሬን ሲያዝና ወደ ጎን ሲዘነበል ይጎብጣሉ። አስፋልቱ ሲደርቅ ይህ ብዙም አይሰማም፣ ሲረጥብ ግን ፍሬን የሚይዝበት ርቀት ይረዝማል። ከዚህም ሌላ ያ የኋላ ጎማ 4,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላው መሐሉ ጠፍጣፋ ሆነ፤ በመካከለኛ ጥርስ ግን 9,000 ያህል እሄድ ነበር።

እርስዎ "አብዛኛው መንገዴ አስፋልትና ጠጠር ነው፣ የሚያስቸግረኝ ግን ጭቃው ነው" ብለዋል። ብዙ ሰው ከዚህ ተነሥቶ ወይ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ የአስፋልት ጎማ ይገዛል፣ ወይ ያስቸገረውን መንገድ አስቦ የጭቃ ጎማ ይገዛል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ጎማው አቅም የሚያንሰው የትኛው ቦታ ላይ ቢሆን ጉዳቱ ይከፋል? በጥቁር አፈር ላይ የሚነዱት በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ቢወድቁ በአብዛኛው ልብስ ይቆሽሻል፣ ቢያዝዎት ሰው ጠርተው ይገፋል። በእርጥብ አስፋልት ላይ ግን በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይሄዳሉ፣ ከኋላና ከፊትዎም መኪና አለ። መካከለኛውን ጥርስ የምመክረው በዚህ ምክንያት ነው። ከተቻለ ደግሞ ሁለቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም፤ እኔ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከኋላ ጥርሱ ጠጋ ጠጋ ያለውን መካከለኛ፣ ከፊት ደግሞ ከመካከለኛው ትንሽ ሻል ያለ ጥልቀትና በጎኑም ጠንካራ ጥርስ ያለውን እየገጠምሁ ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ፊቱ በጠጠርና በጭቃ አቅጣጫ ይይዛል፣ ኋላውም ዕድሜ ያገኛል።

ስለ ጥቁር አፈር ግን አንድ እውነት ልጨምር። የእርስዎ ወረዳ የእነዋሪ ሜዳም ሆነ የእኛ የብቸና ዋልካ ለሁለትና ለሦስት ቀን ዝናብ ከጠገበ በኋላ የሚያሻግር ጎማ የለም። በክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጥል፣ ጥቁር አፈር ያለበትን ቀበሌ ለማለዳ መድቦ በጊዜ መመለስ ከማንኛውም ጎማ የበለጠ ጠቅሞኛል። አጠር ያለ ጠንካራ እንጨት ከሞተሩ ጋር አስሬ እይዝ ስለ ነበር ከጭቃ መከላከያው ሥር የተጠቀጠቀውን በየጊዜው እፈቀፍቅበታለሁ።

ሰፊውን 4.60-18 በተመለከተ የሻጩን ምክር አይቀበሉት። 4.10 የሚለው የጎማውን ስፋት፣ 18 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይናገራል። በሚሊ ሜትር በተጻፈ ጎማ ለእርስዎ የሚቀርበው ከኋላ 100/90-18፣ ከፊት ለነባሩ 2.75-21 ደግሞ 80/90-21 ነው፤ በልክ በኩል እነዚህን ያለ ሥጋት መውሰድ ይችላሉ። 4.60 ግን ከመስፋቱ በተጨማሪ ቁመቱም ስለሚጨምር፣ የኋላ እግሩ ዙሪያ ይረዝማል፤ ውጤቱም ማርሹ እንደ ከበደ ያህል ነው። ዲቲ 125 የ123 ሲሲ ሞተር ያለው እንደ መሆኑ በዳገት ላይ ይህ ልዩነት በግልጽ ይሰማል፣ ፍሪሲዮኑም ያለ ጊዜው ይቃጠላል። ጎማው ለካቴናው ስለሚቀርብም በጭቃ ጊዜ መሐል ላይ የሚጠቀጠቀው ጭቃ የሚወጣበት አያገኝም። በጥቁር አፈር ላይ ቀጠን ያለ ጎማ ለስላሳውን ጭቃ ሰንጥቆ ከሥር ያለውን ጠንካራ አፈር ስለሚፈልግ፣ ስፋት ጥቅም ነው ብለው እንዳይታለሉ።

በጎማው ጎን ላይ ከልኩ ቀጥሎ እንደ 59ፒ (59P) ያለ ጽሑፍ ያገኛሉ። 59 የሚለው ጎማው በተገቢው ነፋስ 243 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል፣ ፒ ደግሞ እስከ 150 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚፈቀድለት ያመለክታል። ለእኛ ፍጥነቱ ትርጉም የለውም፤ የክብደቱ ቁጥር ግን አለው፤ የክትባት ሣጥን ከነበረዶው፣ አንዳንዴም ከኋላ የተቀመጠ ባልደረባ ስለሚጫን፣ ቁጥሩ ከ59 ያነሰ ለኋላ እግር አይግዙ። ባለ 4 ፕላይና ባለ 6 ፕላይ (ፕላይ የጎማው ውስጣዊ ድርብ ነው) ቢቀርብልዎ፣ ስለታም ድንጋይ ለሚበዛበት ኮረኮንች ባለ 6 ፕላዩ ይሻላል፤ ነገር ግን ግትር ስለሆነ ነፋሱን ቀነስ ካላደረጉለት ያንገጫግጫል።

ከሁሉም በላይ እንዲጠነቀቁ የምለምንዎት ስለ ተመረተበት ጊዜ ነው፤ ይህ የእኛን የዘመን አቆጣጠር የሚጠቀም ሰው በቀላሉ የሚሳሳትበት ነገር ነው። ዲኦቲ (DOT) ከሚሉት ፊደላት በኋላ በሞላላ ክፈፍ ውስጥ አራት አሐዝ ይገኛል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግራሉ፣ ዓመቱም በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በ2012 ዓ.ም. 3512 የሚል ጎማ አንድ ሻጭ "መጨረሻው 12 ነው፣ የዘንድሮ ነው" ብሎ ሸጠልኝ፤ እኔም አመንሁ። ጎማው የተሠራው ግን በ2012 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ ማለትም በእኛ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነበርና ስገዛው ስምንት ዓመት ሊሞላው ነበር። ጥርሱ ያልተነካ፣ መልኩም አዲስ ነው፤ ግን ላስቲኩ ደርቆ ስለ ነበር በእርጥብ መንገድ እንደ እንጨት ይንሸራተት ጀመር፣ በስድስት ወሩም ጎኑ በቀጫጭን ስንጥቅ ተሞላ። አሁን እርስዎም 2018 ዓ.ም. ላይ ሆነው መጨረሻው 18 የሆነ ጎማ ቢያዩ፣ የተሠራው በ2010 ዓ.ም. ገደማ መሆኑን ያስቡ። እኔ ከአራት ዓመት በላይ የቆየ አልገዛም፤ በፀሐይ ፊት ለፊት ተሰቅሎ የከረመ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ዕድሜ ቢኖረው እተወዋለሁ።

ጎማውን ሲቀይሩ ከመነዳሪውንም አብረው ይቀይሩ፤ አሮጌው በአሮጌው ጎማ ልክ ስለ ተለጠጠ በአዲሱ ውስጥ ተጣጥፎ ይቀደዳል። ልኩም በላዩ ላይ የተጻፈው ከጎማው ጋር የሚስማማ መሆኑን ያረጋግጡ። ጎሚስታው ጎማውን ሲያወጣ በቸርኬው ዙሪያ የሽቦዎቹን ጭንቅላት የሚሸፍነውን የላስቲክ ጥብጣብ እንዲያይልዎ ይጠይቁት፤ እሱ ከተቀደደ ሽቦው ከመነዳሪውን ከውስጥ ይወጋዋል፣ እርስዎም እሾኽ ፍለጋ ይደክማሉ። ሲገጥምም በጎማው ጎን ያለው ቀስት ወደ ፊት በሚሽከረከርበት አቅጣጫ መዋሉን ቆመው ይመልከቱ። አንዴ ቸኩዬ ሳላይ ተቀብዬ ወጥቼ፣ ቀስቱ ወደ ኋላ መዞሩን ያወቅሁት ከ40 ኪሎ ሜትር በኋላ ነበር።

ስለ ነፋስ የምነግርዎት ለራሴ የሠራልኝን ነው። እኔ 65 ኪሎ ግራም እመዝናለሁ፤ ብቻዬን በአስፋልትና በጠጠር ስሄድ ከፊት 21፣ ከኋላ 24 ፒኤስአይ (የነፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ሰው ወይም የክትባት ሣጥን ስጭን ከኋላ 28 አደርገው ነበር። ጭቃ ስገባ ሁለቱንም ወደ 16 እቀንሳለሁ፤ ከዚያ በታች ግን አልወርድም፣ ምክንያቱም ጎማው በቸርኬው ላይ ተንሸራትቶ የከመነዳሪውን አፍ ይገነጥለዋል፣ ድንጋይ ሲመታም ቸርኬው ይጎብጣል። ከጭቃው እንደ ወጡ በእጅ መንፊያ ሳይመልሱ አስፋልት ላይ አይፍጠኑ። ጎሚስታዎች ብዙ ጊዜ ያለ መለኪያ በመዳፍ እየደቆሱ እስኪጠነክር ድረስ ስለሚሞሉት፣ አነስተኛ መለኪያ ገዝተው ከሞተሩ መሣሪያ ጋር ይያዙ።

የመጨረሻው ነገር ጊዜው ነው። አዲስ ጎማ ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ልስልስ ስለሆነ ለመጀመሪያዎቹ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ያንሸራትታል፤ ይህን ርቀት በደረቅ መንገድ፣ ኩርባ ላይ ሳይዘነበሉና ድንገት ፍሬን ሳይይዙ መጨረስ ይሻላል። ስለዚህ ሰኔ እስኪገባ ሳይጠብቁ በግንቦት ቢያስገጥሙት መልካም ነው። እስከዚያው የፊተኛውን የጥርስ ጥልቀት በማስመሪያ ለክተው፣ በጎኑ ላይ ያሉትንም አራት አሐዞች ጨምረው ቢጽፉልኝ፣ ሁለቱንም አሁን መቀየር ይገባዎት እንደሆነ ወይም ፊተኛው ይህን ክረምት ያሻግርዎ እንደሆነ አይቼ እመልስልዎታለሁ።