ማጅስትሬቱ አስሮት ሳለ ለምን ተለቀቀ? የቅኝ ግዛት የአሳልፎ መስጠት መዝገብ ለምታነብ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው፦ ከለንደን ሸሽቶ ሆንግ ኮንግ ላይ የተያዘ ተፈላጊ አለ። ማጅስትሬቱ (የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኛ) ማስረጃው በቂ ነው ብሎ እስር ቤት ይቆይ ብሏል፤ ከአምስት ሳምንት በኋላ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለቀቀው። መዝገቡ ምክንያቱን አይናገርም፤ አንተም ጉቦ ጠርጥረሃል። በጽሑፍህ ላይ ጉቦ የሚለውን ቃል ከማስፈርህ በፊት እባክህ ቀን ቁጠር።

1. መጀመሪያ የሚጠየቀው "ምን አደረገ?" ሳይሆን "የፈለገው ማን ነው?" ነው። በዚያ ዘመን ጠያቂው የውጭ መንግሥት ከሆነ የሚሠራው በ1870 የወጣው የእንግሊዝ የአሳልፎ መስጠት ሕግ ነበር (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ለምን እንደሆነ ታች እመጣበታለሁ)። ጠያቂዋ ራሷ እንግሊዝ ወይም ሌላ ግዛቷ ከሆነች የ1881ዱ የሸሹ ወንጀለኞች ሕግ ነበር። ያንተ ሰው የ1881ዱ ነው። ሁለቱ ሕጎች መልካቸው ስለሚመሳሰል ስንቱ ጽሑፍ እየቀላቀለ ተበላሽቷል! ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ የተሻገረ ሰው ጉዳይ ከገጠመህ 1881ዱን ጨርሶ አትክፈተው፤ ኢትዮጵያ ለእንግሊዝ የውጭ አገር ናት። 1870ውም ቢሆን የሚሠራው ከጠያቂው አገር ጋር ውል ኖሮ፣ ሕጉ ለዚያ አገር እንዲሠራ በንግሥቲቱ ወይም በንጉሡ ምክር ቤት ትእዛዝ ሲወጣ ብቻ ነው።

2. በ1870ው ሕግ አንቀጽ 17 ላይ ቆም በል። ለንደን ውስጥ ሚኒስትሩ ያዛል፣ ማጅስትሬቱ ይመረምራል። በቅኝ ግዛት ግን ሕጉ የሁለቱንም ሥልጣን አገረ ገዢው ብቻውን እንዲሠራበት ይፈቅዳል፤ ከለንደን ትእዛዝ መጠበቅ የለበትም። ጥያቄውን አገረ ገዢው በሹመቱ የሚያውቀው ቆንስል ወይም ምክትል ቆንስል ማቅረብ ይችላል። ሰውየው ያመለጠው ከዚያ ከውጭው መንግሥት ቅኝ ግዛት ከሆነ ደግሞ የዚያው ቅኝ ግዛት ገዢ ራሱ ይጠይቃል። ስለዚህ የፖርቱጋሉ የማካው ገዢ ለሆንግ ኮንግ ገዢ በቀጥታ የጻፈው ጥያቄ ቢገጥምህ "ሊዝበንና ለንደን ታልፈዋል" ብለህ ሕገወጥ አታድርገው። ከውጭ የመጣው ወረቀት ላይ ግን ሁለት ነገር ፈልግ፦ የዳኛው ወይም የሹሙ ፊርማ፣ ከዚያ በላይ ደግሞ የፍትሕ ሚኒስትሩ ወይም የሌላ ሚኒስትር ማኅተም። ማኅተሙ ከሌለ ወረቀቱን በመሐላ የሚያረጋግጥ ምስክር መኖር አለበት። ሁለቱም ከሌሉ፣ ምስክሮቹ የሰጡት ቃል ምንም ያህል ቢከብድ በዚህ መንገድ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም።

3. አሁን ወደ ቀኑ። ያንተ መልስ እዚህ ነው ያለው ብዬ አምናለሁ።

በ1881ዱ ሕግ ዋናው የመያዣ ትእዛዝ (ተፈላጊው ከሸሸበት አገር የሚመጣው) ሳይደርስ ሰው መያዝ ይቻላል። የግዛቱ ማጅስትሬት ጊዜያዊ የመያዣ ትእዛዝ ያወጣል፣ ወዲያው ለአገረ ገዢው ሪፖርት ይልካል፣ ተያዡን በጊዜ ቀጠሮ ያቆየዋል። አንዱ ቀጠሮ ከ7 ቀን አይበልጥም፤ ግን ዋናው ትእዛዝ እስኪመጣ ሊደጋገም ይችላል። ትእዛዙ ሲደርስ አገረ ገዢው ወይም የበላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ይፈርምበታል፤ ከዚያ ማጅስትሬቱ ማስረጃውን ይሰማል። ወንጀሉ 12 ወርና ከዚያ በላይ ከከባድ ሥራ ጋር የሚያስቀጣ መሆን አለበት፤ ማስረጃውም "ጠንካራ ወይም የሚመስል ግምት" የሚያሳድር። (ይህ ሐረግ ከተራው "የሚያስከስስ ማስረጃ" ከፍ ያለ መሆኑን የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት (ያኔ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ) በ1966 በአርማህና በጋና መንግሥት ጉዳይ ወስኗል።) ማጅስትሬቱ "ወደ መጣበት እስኪመለስ ይታሰር" ያለበት ቀን ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል። የቀድሞው ቀጠሮ ስንት ሳምንት ቢፈጅም አይቆጠርም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ 15 ቀን እስኪሞላ መላክ ክልክል ነው፤ እስረኛው አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ (እስሩ ሕጋዊ መሆኑን ፍርድ ቤት እንዲመረምርለት) የሚያቀርብበት ጊዜ ነው። በሌላ በኩል በ1 ወር ውስጥ ከግዛቱ ካልወጣ ልልቀቅ ብሎ መጠየቅ ይችላል። መጋቢት 3 ቀን ታሰረ እንበል፤ የመላኪያው በር የሚከፈተው መጋቢት 18፣ የሚዘጋው ሚያዝያ 3 ነው። አገረ ገዢው የሚፈርመው፣ ሊወስደው የተላከው አጃቢ የሚረከበው፣ መርከቡ ከወደብ የሚነሣው በእነዚያ 16 ቀኖች ነው! ዋናው ትእዛዝ በፖስታ ቀድሞ ደርሶ፣ አጃቢው ገና ሳምንታት በሚፈጀው ባሕር ላይ እያለ ማጅስትሬቱ ቸኩሎ ካሰረ፣ ጉዳዩ ያኔውኑ ተበላሸ ማለት ነው። የሚሻለው አጃቢው እስኪደርስ በቀጠሮ ማቆየት ነበር። በ1870ው ሕግ 15 ቀኑ ያው ነው፤ መዝጊያው ግን 2 ወር ነው፤ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ከቀረበም የሚቆጠረው ከውሳኔው ጀምሮ ነው። የ1870ውን ሁለት ወር ይዞ የ1881ዱን መዝገብ ያነበበ ሰው አምስተኛው ሳምንት ላይ መለቀቁ ግራ ቢያጋባው አይገርምም።

እና እባክህ ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ሳትቀይር ቁጠር። "ወር" የተባለው የፈረንጅ ካላንደር ወር ነው፤ 28ም 31ም ሊሆን ይችላል። በእኛ 30 ቀን ከቆጠርክ፣ ጳጉሜን መሐል ከገባችማ፣ በጊዜው የወጣውን ዘግይቷል፣ የዘገየውን በጊዜው ወጥቷል ትላለህ።

ሰውየው መርከብ ላይ ወጣ ማለትም አበቃ ማለት አይደለም። ሕንዳዊው የነጻነት ታጋይ ቪናያክ ሳቫርካር መጋቢት 1910 ለንደን ላይ ተይዞ በዚሁ በ1881ዱ ሕግ ወደ ቦምቤይ ሲላክ፣ ሞሪያ የተባለችው መርከብ ማርሴይ ቆመች። ሐምሌ 8 ጠዋት በመታጠቢያ ክፍሉ መስኮት ሾልኮ ዋኝቶ የብስ ረገጠ፤ የፈረንሳይ ጀንዳርም (ፖሊስ) ያዘውና ወዲያው ለአጃቢዎቹ መለሰው። ፈረንሳይ ይመለስልኝ ብላ ሄግ ድረስ ተከራክራ፣ የግልግል ጉባኤው የካቲት 24 ቀን 1911 እንግሊዝ የመመለስ ግዴታ የለባትም አለ። የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው፦ 1870ው በፖለቲካ ወንጀል የተጠየቀን ሰው አሳልፎ መስጠት ይከለክላል፤ 1881ዱ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ የለውም። ተከላካይ የሚይዘው ጉዳዩ ተራ ነው፣ ጥያቄው በቅን ልቦና አልቀረበም፣ መመለሱ ፍትሕ የጎደለው ወይም ጭቆና ነው የሚለውን አንቀጽ 10ን ብቻ ነው። ናይጄሪያዊው ፖለቲከኛ አንቶኒ ኢናሆሮ አገሩ ነጻ ከወጣች በኋላ እንኳ በ1963 ከእንግሊዝ የተመለሰው በዚሁ ሕግ ነው።

ወደ መዝገብህ ስትመለስ ሁለት ወረቀት ፈልግ፦ እስረኛው ወይም ጠበቃው "ወሩ አልፏል" ብሎ ያቀረበውን ማመልከቻ፣ እና ይህን ሊያቀርብ እንደሆነ ለአገረ ገዢው አስቀድሞ የሰጠውን ማስታወቂያ። ወሩ ስላለፈ ብቻ የእስር ቤቱ በር በራሱ አይከፈትም፤ ሁለቱ የግድ ናቸው፣ መንግሥትም በቂ ምክንያት ካሳየ እስረኛው ሊቆይ ይችላል፤ አካልን ነጻ የማውጣት ክርክር ላይ መቆየቱ ራሱ እንዲህ ያለ ምክንያት ሆኖ ሊቀርብ ይችላል። ሁለቱ ወረቀቶች ካሉ ሰውየው በሕግ ነው የወጣው። መዝገቡ ሙሉ ሆኖ ሁለቱም ከሌሉ፣ ሌላ አቤቱታም ካልቀረበ፣ ያኔ ያንተ ጥርጣሬ መጠየቅ የሚገባው ይሆናል።