አሮጌ ቤት ያላችሁ የጎንደር ልጆች፣ ጥያቄያችሁ ደርሶኛል

ክረምቱ ወጣና ሁሉም ቤቱን ሊጠግን ተነሳ መሰለኝ፣ ሰሞኑን የሚደርሰኝ ጥያቄ ሁሉ ስለ ድንጋይና ኖራ ነው። የቻልኩትን ልመልስ።

ከአራዳ፦ «ቤታችን የአያቴ ነው፣ በድንጋይና በኖራ የተሠራ። መጋጠሚያው እየተፈረፈረ ነው። ግንበኛው በሲሚንቶ ልድፈነው ይላል። ልፍቀድለት?»

ኧረ እንዳታደርጊው እህትዓለም! እኔ ሞክሬው አይቻለሁ። የቤተሰቤን የድንጋይ አጥር በሲሚንቶ አስለስኜ አንድ ዓመት ሙሉ ስኮራበት ከረምኩ። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ ቂጣ እየተላጠ ወረደ፤ የባሰው ደግሞ የድንጋዩንም ፊት ይዞት መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው። ኖራ እርጥበት ስለሚያሳልፍ ግንቡ ውስጥ የገባው ውሃ በእሱ በኩል ይወጣል። ሲሚንቶ ግን መውጫውን ይዘጋበታል፣ ያኔ ውሃው በድንጋዩ በኩል ለመውጣት ይታገላል፣ ጨው እየተወ ድንጋዩን ይበላዋል። ፋሲል ግቢም ይሄው ደርሶበታል። ጣሊያን በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ጠገነው፣ በኋላ የመጡት ያንን እያነሱ በኖራ መተካት ነበረባቸው። እናም የላላውን ጠራርገሽ በኖራና በአሸዋ ሙዪው። ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው በእርጥብ ጆንያ ሸፍኚው። ከሁሉ በፊት ግን ቀና ብለሽ አሸንዳውን እዪ፣ ብዙ ጊዜ ጉዱ ያለው እዚያ ነው። ግንበኛው ካኮረፈም ያኩርፍ።

ከፒያሳ፦ «የጣሊያን ጊዜ ቤት አለን። መስኮቱን በአሉሚኒየም ልንቀይር ስንል ጎረቤታችን ቅርስ ነው፣ ትታሰራላችሁ አለን። እውነት ነው?»

ጎረቤት ዳኛ አይደለም። አሮጌ ቤት ሁሉ የተመዘገበ ቅርስ አይደለም፣ ግን ያልተመዘገበ መስሏችሁ የተመዘገበ ቢሆንስ? መዶሻ ከማንሳታችሁ በፊት ባህልና ቱሪዝም ሄዳችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተሰጣችሁ መልስ ሰውየው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። የቅርስ አዋጁ፣ ቁጥር 209/1992፣ ቅርስ ለመጠገን አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ቤቱ ቅርስ ስለሆነ ብቻ ግን ባለቤትነታችሁ አይቀርም። ወጪው ከባለቤቱ አቅም በላይ ከሆነ መንግሥት በከፊል ሊሸፍን እንደሚችልም ይላል፤ ይቺን አንቀጽ ማንም ቀድሞ አይነግራችሁምና እናንተው አንሱባቸው። የኔን ሐሳብ ካላችሁ፣ ቤቱ ባይመዘገብም የእንጨቱን መስኮት አትንኩት። ጥሩ አናጢ ያድሰዋል። ፒያሳችን ላይ ያ የጣሊያን መልክ የቀረው በስንት ቤት ነው?

ከአዘዞ፦ «ፋሲል ግንብን የሠሩት ፖርቹጋሎች ናቸው ወይስ እኛ? ከጓደኛዬ ጋር ቢራ ተወራርደናል።»

ፖርቹጋል ያለው ይክፈል። አጼ ፋሲል እኮ ከፖርቹጋሎቹ ወገን የነበሩትን የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ ኢየሱሳውያኑን፣ ያባረረ ንጉሥ ነው! ጎንደርን የቆረቆረውም ከዚያ በኋላ፣ በ1628 ዓ.ም. ነው። ደግሞም ከእሱ በፊት አጼ ሠርፀ ድንግል እንፍራዝ አጠገብ የጉዛራን ግንብ አሠርቷል፣ ስለዚህ ግንብ ማሠራት በፋሲል አልተጀመረም። ነገር ግን «እኛ ብቻ» ያለውም ሙሉ ብርጭቆ አይጠጣም። በ1640 ዓ.ም. ጎንደር የመጣው የየመን መልክተኛ ሐሰን አል-ሐይሚ፣ ቤተ መንግሥቱን የሠራው ህንዳዊ ነው ብሎ ጽፏል። አሠራሩ ላይ የህንድም፣ የዓረብም፣ የአውሮፓም ነገር ይታያል። ታዲያ ያን ሁሉ ድንጋይ የፈለጠውና ኖራውን ያቦካው እጅ ከየት መጣ ትላላችሁ? ግማሽ ግማሽ ጠጡ።

ከማራኪ፦ «ፋሲል መዋኛ ላይ የዛፍ ሥር ግንቡን ጨምድዶ ይዞታል። ለምን አይቆርጡትም?»

መጀመሪያ ግንቡን የሰነጠቀው ሥሩ ነው፣ አሁን ደግሞ ደግፎ የያዘው እሱው ነው። ከቆረጡት ውስጥ የገባው ይበሰብሳል፣ ቦታው ባዶ ይቀራል፣ ድንጋዩም ተከትሎ ይወርዳል። ያንተ አጥር ላይ የበቀለችዋን ችግኝ ግን ገና ጣት ሳታክል ንቀላት።

አንዲት እናት፦ «ልጄ ለመጸዳጃ ቤት ሲቆፍር የድሮ የግንብ መሠረትና የሸክላ ስብርባሪ ወጣ። ዝም ብለን እንቀጥል?»

አይቀጥሉ እማማ። በግንባታ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና እስኪረከቡት ድረስ እንዳለ እንዲጠብቀው ሕጉ ያዛል። ልጅዎ በስልኩ ፎቶ ያንሳው፣ ሸክላውን ግን አይጠበው፣ ካለበትም አያንቀሳቅሰው፣ የነበረበት ቦታ ራሱ ለባለሙያው ብዙ ይነግረዋል። ነገ ጠዋት ባህልና ቱሪዝም ይላኩት። እስከዚያ ጉድጓዱን በቆርቆሮ ይክደኑት፣ የሰፈር ልጅ እንዳይገባበት።