መልስ፦ ፖስታው ራሱ የፎቶ ፍሬም እንዲሆን

ፎቶ የሚላክበት ፖስታ ከተከፈተ በኋላ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ፍሬም እንዲሆን እንዴት ልንደፈው ብለው ለጠየቁት፦

ከሁሉም በፊት አከፋፈቱን ያስቡበት። ፖስታ የሚበላሸው ሲከፈት ነው፤ ሰው ጣቱን ከክዳኑ ስር ሰዶ ይቦጭቀዋል። ክዳኑን በአጭሩ ጎን ያድርጉትና ላዩ ላይ በነጠብጣብ የተበሳ መቅደጃ መስመር ያውጡለት። እንዲህ ሲሆን አድራሻ የሌለበት ፊት ሙሉ በሙሉ ለፍሬሙ ይተርፋል።

ፎቶው የሚታይበትን መስኮት ግን ቀድመው ቆርጠው አያውጡት። ክፍት ቀዳዳ መንገድ ላይ ከሌላ ፖስታ ጋር ይጠላለፋል፣ ማሽን ውስጥም ይያዛል። ዙሪያውን ቆርጠው በየማዕዘኑ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ሳይቆረጥ ይተዉት፤ ተቀባዩ በአውራ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ይወጣል። ቁራጩም አይጣልም፤ መሃሉ ታጥፎ ከኋላ ሲለጠፍ መቆሚያ ይሆናል። ይህ በጣም ደስ የሚለኝ ክፍል ነው! መስኮቱ በየጎኑ ከፎቶው በ3 ሚሊ ሜትር ይነስ። ለ10 በ15 ሳንቲ ሜትር ፎቶ 9.4 በ14.4 ይመጣል ማለት ነው።

ተራ የፖስታ ወረቀት ቀጥ ብሎ አይቆምም፣ ይጎብጣል። በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ግራም የሚመዝን ወፍራም ወረቀት ይምረጡ። ከማጠፍዎ በፊት የሚታጠፍበትን መስመር በቢላ ጀርባ ጫን አድርገው ያስምሩት፤ አለዚያ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ፎቶው ለዓመታት እዚያው እንዲቆይ ከፈለጉ ደግሞ ከአሲድ ነፃ የሆነ ወረቀት ይሻላል፤ አሲድ ያለበት ራሱም ቢጫ ይሆናል፣ ፎቶውንም ያበላሻል።

ከማሳተምዎ በፊት አንዱን ናሙና ፎቶው ውስጡ እንዳለ ያስመዝኑት፤ ወፍራም ወረቀት የቴምብሩን ዋጋ ከፍ ሊያደርገው ይችላል።