ክንፏ የቀለጠባት ቆሮሶ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ይህን መረጥኩ። ትንሽ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ እዚሁ ሐዋሳ ነው የምኖረው። ከሥራ ስወጣ የሐይቃችንን ነገር እያስመሰልኩ የአንገት ጌጥ እሠራለሁ። አሁን የያዝኳት ቆሮሶ የምትባለው የሐይቃችን ዓሣ ናት። ገላዋ ብር፣ የጀርባ ክንፏ የነሐስ ቆርቆሮ፣ ዓይኗ ደግሞ ትንሽ ዛጎል ነው። ብሩ አያቴ የሰጠችኝ ጠገራ ነው፤ አቅልጬ ጠፍጥፌዋለሁ። መበየጃውን፣ ቀልጦ ክንፏን ከገላዋ የሚያያይዘውን፣ ራሴ ከዚያው ብርና ከአሮጌ የቧንቧ መክፈቻ ነሐስ ቀላቅዬ ሠራሁ። ስበይድ ግን መበየጃው ድቡልቡል ብሎ ይቀመጣል እንጂ አይፈስም። እሳቱን ስጨምር ክንፏ ቀለጠ። ለማጽዳት ሎሚ ውስጥ ስነክራት ደግሞ ዛጎሉ ወዙን አጣ። ምኑን ነው ያበላሸሁት? ፎቶ ልኬያለሁ።»

እህቴ፣ ፎቶውን አጉልቼ አየሁት። ዓሣዋ ታምራለች፤ ቅርፊቷን አንድ በአንድ መምታትሽ ያስታውቃል። ጥላሽም ፎቶው ውስጥ ገብቷል። እግርሽ ሥር ተሰብስቧል። ቀትር ላይ፣ ሰገነት ላይ ነው የበየድሽው ማለት ነው። ዓሣዋን ያስተኛሻት ደግሞ ወፍራም ብረት ላይ ነው። ሁለቱም ነገር ችግርሽ ውስጥ አለበት።

ግን ከጠገራው ልጀምር። ባታቀልጪው ደስ ይለኝ ነበር፤ አንዴ ሆኗል። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴም ጠገራ ሲያቀልጥ ነው የኖረው፤ እኔ ማንን እወቅሳለሁ? ጠገራ ላይ የተጻፈው 1780 መልኳ የታተመበት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት የፈረንጆች ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ በስንት አገር ሲመታ ኖሯል፤ ዓመቱ ግን ያው ነው። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው። ከዚህ ውስጥ ብር የሆነው 83.3 በመቶው ነው። የቀረው መዳብ ነው በይው።

መዳቡ ነው አንቺን ያሳሳተሽ። ንጹሕ ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ነው። የጠገራ ብር ግን ይህን ያህል አይታገስም። ብርና መዳብ ሲቀላቀሉ ከሁለቱም ቀድመው ይቀልጣሉና፣ በ780 ዲግሪ ገደማ ማላብ ይጀምራል። ጠርዙ ወዝ ወዝ ይላል። እዚያ ላይ ትንሽ ከቆየሽ ቅርፊቱ ሁሉ ይጠፋል። መበየጃሽ ከዚያ በደንብ ቀድሞ መፍሰስ አለበት ማለት ነው።

አጎቴ መበየጃ ሲሠራ «ሁለት እጅ ብር፣ አንድ እጅ ነሐስ» ይል ነበር። ከንጹሕ ብርና ከጥሩ ነሐስ ከሆነ ያ ቅልቅል በ720 ዲግሪ አካባቢ ይፈሳል። ለጠገራ ይበቃል፤ ግን ጠባብ መንገድ ነው። ለጀማሪ የምመክረው ከዚህም ዝቅ ብሎ የሚፈስ፣ ለወርቅና ለብር ሠሪዎች ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ነው። ስትገዢ ካድሚየም የሚባለው መርዛማ ብረት የሌለበት መሆኑን ጠይቂ። ሻጩ ካላወቀ ተይው። የካድሚየም ጭስ በዓይን ላይታይ ይችላል፤ ሳንባ ግን ይጨርሳል።

የቧንቧ መክፈቻው ነሐስ ከሁሉም በላይ ያስደነገጠኝ ነው። ነሐስ መዳብና ዚንክ ነው። ለቧንቧ ዕቃና ለጓጉንቸር የሚሠራው ግን በማሽን ሲላጭ እንዳያስቸግር ብዙ ጊዜ እርሳስ ይገባበታል፤ 2 ወይም 3 በመቶ። ለቧንቧው ምንም አይደለም። ለብር ግን መርዝ ነው። ብር በጋለበት እርሳስ ካገኘው ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል።

እኔ ላይ ደርሷል። አንዲት እናት የተሰበረ አምባር አመጡልኝ። ከዚያ በፊት ሌላ ቦታ በሬዲዮ ጠጋኝ እርሳስ ተጠግኖ ኖሯል። እኔ አላየሁም። እሳት ስሰጠው እርሳሱ ወደ ውስጥ ገባ። አምባሩ ዓይኔ እያየ ወንፊት ሆነ። በራሴ ብር ሌላ ሠርቼ ሰጠኋቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ አሮጌ ጌጥ ሲመጣ ስብራቱን መጀመሪያ በሞረድ ጫፍ እነካካዋለሁ። ግራጫና ለስላሳ ነገር ካገኘሁ እስከ መጨረሻው ፍቄ ሳላወጣ እሳት አላስጠጋም። አንቺም የሠራሽውን መበየጃ ለይተሽ አስቀምጪው። ከብር ቁርጥራጭሽ ጋር እንዳይቀላቀል።

ያም ሆኖ መበየጃው ድቡልቡል ያለው በእርሳሱ አይደለም። አንቺ እሳቱን የሰጠሽው ለመበየጃው ነው። እሱ ቀለጠ፤ ከሥሩ ያለው ብር ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። የፈሰሰ መበየጃ ቀዝቃዛ ብር ላይ መሄጃ የለውም። ስለዚህ ራሱን ሰብስቦ ይቀመጣል፤ ያልሞቀ ምጣድ ላይ እንደተጣለ ሊጥ። መበየጃ የሚሮጠው ወደ ሞቀው ነው። አንቺ ወደፈለግሽበት አይሄድም።

ብር ሙቀት በማስተላለፍ ከብረታ ብረት ሁሉ አንደኛ ነው። አንድ ቦታ ብታሞቂው ወዲያው ለመላ ገላው ያከፋፍለዋል። ከሥሩ ያለው ወፍራም ብረት ደግሞ ከእሱ ተቀብሎ ይጠጣዋል። ነሐስ ግን ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ከብር ሩብ ያህል ነው። ያቺ ቀጭን ክንፍ የተቀበለችውን ሙቀት የምታካፍለው ሰው አጣች። ብሩ ገና ሳይሞቅ እሷ ነደደች። የቀለጠችው በዚህ ነው እንጂ እጅሽ መጥፎ ሆኖ አይደለም።

እና ምን ታደርጊ?

ብረቱን ከሥር አንሺው። ሐዋሳ ላይ እያለሽ ውድ የመበየጃ ጡብ አትግዢ። ብሎኬት ሠሪዎች ጋ ፑሚስ የሚባለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሞልቷል። ቀላል ነው፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው፣ ሙቀት አይሰርቅም። አንዱን ጠፍጣፋ አድርገሽ ሞርጂው። ግን እርጥበት ካለው እሳት ሲነካው ሊፈነዳ ይችላል። ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ፣ ከዚያ ምድጃ ዳር አድርቂው። ካልሆነ ደህና የከሰል ጉማጅም ይሠራል፤ አጎቴ ዕድሜ ልኩን በእሱ ነው የበየደው።

ሰገነቱን ለጠዋት አድርጊው። ከሰዓት ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ እሳትሽን ይወስደዋል። ፀሐዩ ደግሞ የብሩን መልክ ይደብቅብሻል። ብር ሲግል የሚናገረው በቀለሙ ነው፤ ቀትር ላይ ቀይነቱን ስታዪ አልፏል። ካልሆነ ጥላ ያለበት፣ ግን መስኮቱ የተከፈተ ቦታ ፈልጊ። መስኮቱን የምልሽ ለነሐሱ ነው። ነሐስ ከመጠን በላይ ሲግል ዚንኩ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ማታ ላይ ብርድ ብርድና ትኩሳት ያመጣል። ሰፈር ውስጥ «ወተት ጠጪ» ይሉሻል። ወተት ጥሩ ነው፤ ግን ሆድ ውስጥ እንጂ ሳንባ ውስጥ አይገባም።

አሁን ወደ ሥራው። የሚገናኙትን ሁለት ጠርዞች በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበሩ ፈትጊያቸው። በፈሳሽ ሳሙና እጠቢ። ከዚያ በኋላ በጣት አይነኩም፤ በወረንጦ ብቻ። የጣት ቅባት አይታይም፤ መበየጃውን ግን ያቆመዋል። ሁለቱን አገጣጥመሽ ወደ ብርሃን ያዣቸው። በመካከላቸው ብርሃን ካየሽ ገና ነው። መበየጃ ክፍተት አይሞላም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ቦራክሱን፣ ለብየዳ የሚቀባውን ነጭ ዱቄት፣ በውኃ እንደ አጥሚት አቅጥነሽ በብሩሽ ቀቢ። ጠርዙን ብቻ ሳይሆን መላ ዓሣዋን ቀቢያት። ጠገራ መዳቡ ብዙ ስለሆነ ሲግል ቶሎ ይጠቁራል፤ ቦራክሱ አየር ይከለክልለታል። መበየጃውን የስንዴ ቅንጣት ግማሽ ያህል አድርገሽ ቁረጪ። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ፣ በብሩ በኩል አስቀምጪ።

እሳቱን ከሩቅ ጀምሪ። ቦራክሱ ውኃው ሲወጣ እንደ ፈንድሻ ያብጣል። ከቸኮልሽ መበየጃውን አሽቀንጥሮ ይጥልብሻል። ቀስ ካልሽ አብጦ ይረጋል፣ ይነጣል። ያኔ ጠጋ በይና እሳቱን ገላዋ ላይ አዙሪው። ጭራዋን፣ ሆዷን፣ ጭንቅላቷን። ክንፏን እርሺያት፤ የሚደርሳት ሙቀት ከጎረቤት ይበቃታል። ትንሽ ቆይቶ ነጩ ቦራክስ እንደ መስታወት ጥርት ይላል። ይሄ ያንቺ ቴርሞሜትር ነው። አሁን ደርሰሻል ማለት ነው፤ ዓይንሽን አትንቀዪ። ብሩ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሲሆን እሳቱን በመጋጠሚያው ላይ አንዴ ሳብ አድርጊው። መበየጃው ሲፈስ ታዪዋለሽ። አንድ የሚያበራ መስመር ከዳር እስከ ዳር ሽው ይላል። በዚያው ቅጽበት እሳቱን አንሺ። «ለማረጋገጥ» ብሎ መጨመር የለም። ስንት ጌጥ በዚያች ጭማሪ ሄዷል።

ሁለትና ሦስት ደቂቃ አሙቀሽ ካልፈሰሰ አቁሚ። ቦራክሱ ደክሟል፤ ከዚያ በኋላ ብታነጂው ማጥቆር ነው። አቀዝቅዘሽ፣ አጽድተሽ፣ እንደ አዲስ ጀምሪ።

ስለ ክንፏ አንድ ነገር ልጨምር። አንቺ ጫፍ ለጫፍ ነው ያጋጠምሻት። ቀጭን ቆርቆሮ ጫፍ ለጫፍ ተበይዶ ቢይዝ እንኳ አንገት ላይ ሲንጠለጠል ሻሽና ፀጉር እየያዘ ይነቅለዋል። አንድ ጠዋት አሞራ ገደል ሂጂና ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ ሲያወርዱ ቆሮሶን ቀረብ ብለሽ እያት። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ይጋፉሻል፣ ቻያቸው። የጀርባ ክንፏን በጣትሽ ወደ ላይ ሳብ አድርጊው። ፊተኛው ክፍል እሾህ እሾህ ነው፣ ኋለኛው ለስላሳ። እሾሁ ጀርባዋ ላይ የተለጠፈ አይደለም፤ ሥሩ ሥጋዋ ውስጥ ጠልቋል። አንቺም እንደዚያው አድርጊ። የነሐሱን ክንፍ ሥር በ3 ሚሊ ሜትር አስረዝሚው። ከብሩ በስተጀርባ ገብቶ ይደራረብ። ያኔ መበየጃው ሰፊ ሜዳ ያገኛል። ከፊት ሲታይም መጋጠሚያው ይደበቃል። እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ብሆን በሁለት ትንንሽ የብር ሽቦ ምስማር ቀጥቅጬ ነበር የማያይዘው። እሳትም የለ፣ መቅለጥም የለ።

ለማጽዳት ሎሚ ደግ ነው። ሞቅ ብሎ እንጂ ፈልቶ አይደለም፤ በሸክላ ወይም በብርጭቆ ዕቃ እንጂ በብረት ድስት አይደለም። የብረት ወረንጦም አታስገቢበት። መዳቡ ከሎሚው ወጥቶ ዓሣሽን ቀይ ይቀባታል። በእንጨት አውጪያት።

ዛጎሉ ግን ሎሚ ማየት አልነበረበትም። ዛጎል ከሐይቃችን አይደለም፤ ከሞቃት ባሕር ነው የመጣልን። የተሠራው ኖራ ከተሠራበት ነገር ነው። ኮምጣጣ ነገር ይበላዋል፤ እሳት ደግሞ ያነጣውና ያፈረፍረዋል። ወዙ አንዴ ከሄደ አይመለስም። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በውኃ ብታሺው ደብዛዛ ልስላሴ ያገኛል፤ ለዓሣ ዓይን እኔ እንዲያውም ይሄኛውን እመርጣለሁ። ደረቁን አትሞርጂ፤ አቧራው ለሳንባ አይሆንም። ለወደፊቱ መጀመሪያ በዓይኗ ቦታ ዙሪያ ቀጭን የብር አጥር በይጂ። ብየዳው፣ ሎሚው፣ መወልወሉ ሁሉ ካለቀ በኋላ ዛጎሉን አስገቢና አጥሩን ዙሪያውን እየገፋሽ አስጎንብሺበት።

በቅርፊቶቹ መካከል ጥቁር መስመር እንዲታይ ከፈለግሽ ዛጎሉ ከመግባቱ በፊት አንድ እንቁላል ቀቅዪ። ትኩሱን ልጠሽ ለሁለት ክፈዪው። ከዓሣዋ ጋር ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ዝጊበት፤ አይነካኩ። ከእንቁላሉ የሚወጣው ጋዝ ብሩን ያጠቁረዋል። በማግስቱ አውጥተሽ ከላይ ከላዩ በጨርቅ ወልውይ። ጉድጓዱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ጉብታው ያበራል። እንቁላሉን ግን አትብይው።

የቀለጠችውን ክንፍ ከብሩ ላይ በመጋዝ ቁረጫት። የተበላ ጉድጓድ ካየሽ እስከ ደህናው ብር ድረስ ፍቂ፤ ጀርባዋ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢቀንስ ማንም አያውቅባትም። በአዲሱ መበየጃ መጀመሪያ ዓሣዋ ላይ ሳይሆን በተረፈው ጠገራና በነሐስ ቁራጭ ላይ ሦስት ጊዜ ሞክሪ። ያቺን የምታበራ መስመር ሦስቴ ካየሻት ቅዳሜ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ፣ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ዓሣዋን አውጫት።