ባሏን የገደለች እህት፦ ሕጉ ራስን መከላከል የሚለው የትኛውን ነው?

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከአዳማ ነው። ታናሽ እህቴን ባሏ ለዓመታት ሲደበድባት ኖሯል። ፖሊስ ጋ ሁለቴ ሄዳ ሁለቴም በሽምግልና ተመልሳለች። ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ሰክሮ ገብቶ አንገቷን አነቃት፤ «ዛሬ አታድሪም» አላት። ከዚያ ለቆ አልጋው ጠርዝ ላይ ሲቀመጥ በዘነዘና ጭንቅላቱን ሁለት ጊዜ መታችው፤ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። ከታሰረች አምስት ቀኗ ነው። ምን ይጠብቃታል? የሟች ወንድሞችም ልጆቿ ያሉበትን ቤት ልቀቁ እያሉ ነው።

መልስ፦ ስለ ቤቱ መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። እህትዎን ሐኪም አይቷታል? አንቆ ከያዛት አንገቷ ላይ ምልክት ሊኖር ይችላል፤ በአምስት ቀን ደግሞ ሊደበዝዝ ይችላል። ሕክምና እንድትመረመር ዛሬውኑ ለመርማሪው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ዝም ካለ በሚቀጥለው የጊዜ ቀጠሮ ራሷ ለዳኛው ተናግራ ትእዛዝ ታስጽፍ። የሟችን አስከሬን ፖሊስ ያስመረምራል። የእሷን አንገት ግን ካልወተወታችሁ ማንም አያስመረምርላችሁም።

አሁን ወደ ሕጉ። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን ስትደበደብ የኖረች ሚስት በዚያ ምክንያት ብቻ ነፃ ትውጣ የሚል አንቀጽ የለውም። የዓመታቱ ዱላ የሚጠቅመው ሌሎች አንቀጾችን ለማስረዳት ነው።

ዋናው አንቀጽ 78፣ ሕጋዊ መከላከል ነው። ጥቃቱ ወይም ዛቻው ሕገ ወጥና ሊደርስ የተቃረበ፣ በሌላ መንገድም ሊወገድ የማይችል መሆን አለበት፤ የወሰደችው ርምጃም ከአደጋው ጋር መመጣጠን አለበት። ይህ ከተሟላ ቅጣት የለም። የእህትዎ ጉዳይ የሚፈተነው እሱ ለቋት በተቀመጠባት ደቂቃ ነው። ዐቃቤ ሕግ «ጥቃቱ ቆሟል፤ ወጥታ መሮጥ ትችል ነበር» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ለምን ተቀመጠ ነው። ሊተኛ ነው? ትንፋሽ ሊወስድ ነው? ወይስ አልጋው ሥር የሚያኖረው ነገር ነበር? የበሩ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነበር? ከዚህ በፊትም ለቀቅ አድርጎ መልሶ የተነሣባት ሌሊቶች ካሉ፣ ያለፉት ዓመታት ታሪክ ከሁሉ በላይ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ዝምታ የጥቃቱ መጨረሻ እንዳልመሰላት ያስረዳል። ተኝቶ ሳለ መትታው ቢሆን ኖሮ እኔ በ78 ላይ ብዙ ተስፋ አልጥልም ነበር።

ፍርድ ቤቱ ከልክ አልፋለች ቢል እንኳ አንቀጽ 79 ቅጣቱን ያቀልላል። ከልክ ያለፈችው ጥቃቱ በፈጠረባት፣ ይቅር ሊባል በሚችል ፍርሃት ወይም ድንጋጤ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ሳይቀጣት ሊያልፍ ይችላል። አንቀጽ 541 ከመከላከል ልክ በማለፍ፣ በከባድ ማነሣሣት፣ በድንጋጤ ወይም በብርቱ የስሜት መናወጥ የተፈጸመ ግድያን ከ5 ዓመት በማይበልጥ ቀላል እስራት ይቀጣል። ተራውን የሰው ግድያ የሚመለከተው አንቀጽ 540 ከሆነ ከ5 እስከ 20 ዓመት ፅኑ እስራት ነው። ዕድሜ ልክ ወይም ሞት የሚያስከትለው 539 የገዳዩን ጨካኝነት ወይም አደገኛነት የሚያሳይ ሁኔታ ይጠይቃል፤ ከጻፉልኝ ነገር ውስጥ ያንን አላየሁም። የአስከሬን ምርመራው ውጤት ሲመጣ ሁለተኛው ምት የት እንዳረፈ እዩ። ከወደቀ በኋላ የተደገመ ከሆነ ክርክሩ ወደ 79ና 541 ያዘነብላል።

የዋስትናውም ነገር በአንቀጹ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 63 መሠረት ተጎጂው ከሞተና ወንጀሉ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ፅኑ እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ ዋስትና አይፈቀድም። በ540 ከተያዘች ትቆያለች፤ በ541 ከሆነ መጠየቅ ይቻላል። ስለዚህ ጠበቃው የአንቀጹን ክርክር ክስ እስኪመሠረት ባያቆየው ይሻላል። የግል ጠበቃ መቅጠር ካልቻላችሁ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምላት ፍርድ ቤቱን ትጠይቅ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው የሰጠችውን ቃል ነው። ብዙ ጊዜ በእንባ መሐል የምትወጣው ንግግር «መርሮኝ ገደልኩት» የምትል ናት። የመግደል ሐሳብ ነበረኝ ብላ ታምናለች፣ ማነቁንና ዛቻውን ግን አታነሣም። ዝም የማለት መብት አላት፤ ከተናገረች ግን የሆነውን በቅደም ተከተሉ ትናገር፦ ማነቁን፣ ያላትን፣ የቆመችበትን ቦታ። በኦሮሚያ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ በአማርኛ የሰጠችው ቃል በአማርኛ ተመልሶ ሳይነበብላት አትፈርም። በችሎትም በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ ማግኘት ሕገ መንግሥታዊ መብቷ ነው።

እናንተ ደግሞ ያለፉትን ማስረጃዎች ሰብስቡ። አቤቱታ ያቀረበችባቸው ሁለቱ ቀናት በፖሊስ መዝገብ ላይ አሉ፤ የሕክምና ካርዷ፣ ያስታረቋት ሽማግሌዎች፣ ጩኸቷን የሰሙ የግቢው ተከራዮችም እንዲሁ። ሽማግሌዎቹ «ትዳር ለማዳን ነው ያስታረቅነው» ብለው እንዳይሸሹ የታረቀችበት ምክንያት ዱላ እንደነበር የሚመሰክሩትን ለዩ። ስልኩ በኤግዚቢትነት ከተያዘ የላከላት የዛቻ መልእክት እንዲወጣ በፍርድ ቤት ጠይቁ። ልጆቿ አይተው ከሆነ የሚናገሩትን አታስጠኗቸው፤ የተጠና ቃል በመስቀለኛ ጥያቄ ይፈርሳል፣ እናትየውንም ይጎዳታል።

ከሟች ቤተሰብ ጋር እርቅ ወይም ጉማ (የኦሮሞ ባህላዊ የደም ካሣና እርቅ) ማንሣታችሁ አይቀርም። ግድያ በግል አቤቱታ የሚታይ ወንጀል ስላልሆነ እርቁ ክሱን አያስቆምም፤ ለቅጣት ማቅለያ ግን ሊቀርብ ይችላል። ሸንጎው ላይ ስለዚያ ሌሊት ዝርዝር አትናገሩ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ነገ የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ቤቱ በትዳር ዘመን የተፈራ ከሆነ ቢፈረድባትም ግማሹ የእሷ ነው። የሟች ድርሻ ደግሞ ልጆች እስካሉት ድረስ ለልጆቹ እንጂ ለወንድሞቹ አይደለም፤ ስለዚህ አትልቀቁ። ይልቅ እናትየው በእስር ላይ ስለሆነች ሞግዚት እንዲሾም እርስዎ ቀድመው ለፍርድ ቤት አመልክቱ። ወንድሞቹ ከቀደሟችሁ በልጆቹ ስም ቤቱን ማስተዳደር ሊጀምሩ ይችላሉ።