ኮቴው ተበላሽቶ የተጣለ ፈረስ እንዴት ይድናል? ጥያቄና መልስ

ባለፈው ሐምሌ እዚህ ጎንደር ከአዘዞ መንገድ ዳር አንድ ዳማ የጋሪ ፈረስ ወደ ግቢዬ አምጥቻለሁ። የፊት ኮቴዎቹ እንደ በግ ቀንድ ወደ ላይ ተቆልምመው ነበር፤ የጎድን አጥንቱም አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። አሁን ስምንተኛ ወሩን ይዟል። ብዙዎቻችሁ ስለ እርሱ ስለጠየቃችሁኝ የማውቀውን እመልሳለሁ።

ከማራኪ፦ ጋሼ፣ በመጀመሪያው ቀን ምን አበሉት?

ውኃና ድርቆሽ ብቻ። ድርቆሹንም ትንሽ ትንሽ አድርጌ በቀን ስድስት ጊዜ። የተራበ ፈረስ ስናይ እጃችን ወደ ገብስ ይሄዳል፤ እባካችሁ አታድርጉት። ለረጅም ጊዜ የተራበ አካል ድንገት ብዙ እህል ሲያገኝ በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፈረስና ማግኒዚየም ያሽቆለቁላል፤ ልቡም ሊቆም ይችላል። የመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት በጣም አስጊ ናቸው። ጎረቤታችን እማማ አዝነውለት አንድ ቁና ገብስ ይዘው መጡ፤ አመስግኜ ለዶሮዎቹ እንዲሆን ለመንኳቸው።

ከቀሃ፦ ኮቴውን በአንድ ቀን ቆርጦ መገላገል አይሻልም?

አይሻልም፤ ስንቱን ፈረስ ያሳነከሰው ይህ ጥድፊያ ነው። ኮቴ ሲረዝም ጅማቱና መገጣጠሚያው ያንን አቋም ይለምዳሉ። በአንድ ጊዜ ስታሳጥሩት ጅማቱ ይወጠራል። ደግሞም በተቆለመመ ኮቴ ውስጥ ሕያው ሥጋ የት ላይ እንደሚያበቃ ከውጭ አይታይም።

እኔ በየሦስት ሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ነው የቀነስኩለት። መጀመሪያ ጫፉን በጉጠት፣ ቀሪውን በሞረድ። ከሥሩ ያለውን ጭቃ በእንጨት ስጠርግ፣ መሃል ላይ ካለው ባለ ሦስት ማዕዘን ለስላሳ ክፍል ግራና ቀኝ ካሉት ስንጥቆች የሚከረፋ ጥቁር ፈሳሽ ወጣ። እግሩን ነጠቀኝ። አንገቱን እያሻሸሁ ጠበቅሁት፤ ሲረጋጋ መልሼ አነሣሁት። በጨው ውኃ አጥቤ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቄ አዮዲን ቀባሁት። ይህንን በየቀኑ ደገምኩት፤ የሚያድርበትንም ቦታ ከእርጥበት ጠበቅሁ። በጎንደር ክረምት ከሁሉም የከበደኝ ይህ ነበር።

ኮቴ በወር ወደ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ከጠጉሩ ወሰን እስከ ጫፉ ሙሉ በሙሉ እስኪታደስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። ዛሬ በፊት ኮቴው ላይ አንድ መስመር ይታያል፦ ከላይ ያለው ልስልስና ጠንካራ፣ ከታች ያለው የተሰነጣጠቀ። በየሳምንቱ ያንን መስመር በጣቴ እዳስሰዋለሁ።

ከጠዳ፦ የእኔ ፈረስ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ወደ ኋላ ተደግፎ ይቆማል። ኮቴው ይሞቃል።

ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጥራ። ኮቴውን በውስጡ ካለው አጥንት ጋር የሚያያይዘው ክፍል የተቆጣ ይመስላል። ካልታከመ አጥንቱ ከቦታው ሊዞር ይችላል። ሐኪሙ እስኪደርስ እህል ከልክለው፣ አታራምደው፣ ወፍራም ጭድ አንጥፍለት፣ ኮቴዎቹን በጣም በቀዝቃዛ ውኃ ንከር። ከተማችን የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ አላት፤ ሐኪም ከየት ላምጣ ብለህ አትዘግይ።

ከአራዳ፦ የብረት ጫማ ይደረግለታል?

አሁን አይደረግለትም። የተሰነጠቀና የሳሳ ኮቴ ምስማር አይዝም።

ከወለቃ፦ ምስማር ቢወጋውስ?

ከተቻለ ሳይነቀል ሐኪም ይየው፤ የገባበት ቦታና ጥልቀት መታወቅ አለበት። ፈረስ በመንጋጋ ቆልፍ ቶሎ ይጠቃል፤ መከላከያ መርፌውን ጠይቁ።

ከአንገረብ፦ ወደ ጋሪ ይመለሳል?

አይመለስም፤ እኔ ዘንድ እስካለ ድረስ ቀንበር አይነካውም። ሲመጣ የሚረግጠው በኮቴው ጫፍ ነበር፤ ተረከዙን መሬት ማስነካት ይፈራ ነበር። ትናንት ጠዋት ወደ ውኃው ስወስደው ከጎኑ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ በኮረኮንቹ ላይ ተረከዙን አስቀድሞ አሳረፈ።