ስለ ፋብሪካ ሲሙሌሽን ጠይቁ፦ ዛሬ ማታ ባለ ሰዓቱ ይመልሳል

አስተባባሪ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው መላሻችን የራሳችን አባል ባለ ሰዓቱ ነው። የጠርሙስ መሙያና የልብስ ስፌት መስመሮችን በኮምፒውተር እያስኬደ የሚፈትን መሐንዲስ ነው። ጥያቄያችሁን አምጡ።

ባለ ሰዓቱ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ሶፍትዌር ከመክፈታችሁ በፊት ሰዓት ይዛችሁ ማሽኑ ጋ ቁሙ። ሌላው ከዚያ ወዲያ ነው። ዓመቶችን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

የአዳማው፦ ኢንጂነር፣ አሁን ሁሉም ሰው «ዲጂታል ትዊን» (የማሽኑ ዲጂታል መንታ) ይላል። እኛ ፋብሪካ የመጣ ሻጭም ይህንኑ አለን። ከድሮው ሲሙሌሽን በምን ይለያል?

ባለ ሰዓቱ፦ ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ማይክል ግሪቭስ የተባለ ምሁር በ2002 ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ላይ ያቀረበው ነው። አሁን የገፋው ሴንሰርና ኔትወርክ ስለረከሰ ነው። በ2021 ደግሞ ለማምረቻ የሚሆን ደረጃ ወጣለት፤ አይሶ 23247 ይባላል።

ልዩነቱን እነ ክሪትዚንገር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 ባወጡት ጽሑፍ በደንብ ለይተውታል። መረጃውን በእጅህ የምታስገባ ከሆነ ያለህ ዲጂታል ሞዴል ነው። መረጃው ከማሽኑ ወደ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚፈስ ከሆነ ዲጂታል ጥላ ነው። ኮምፒውተሩም በተራው ማሽኑን የሚያዝ ከሆነ ያኔ ትዊን ሆነ። ስለዚህ ሻጩን አንድ ነገር ጠይቀው፦ «ከኮምፒውተሩ ወደ ማሽኑ የሚመለሰው ትእዛዝ ምንድን ነው?» መልስ ከሌለው የያዘው ጥላ ነው። ጥላም ይጠቅማል። ግን በጥላ ዋጋ ግዛው።

ሜካኒካል 4ኛ ዓመት፦ የቢኤምደብልዩው ፋብሪካስ? ሳይገነባ በኮምፒውተር ተመረቀ ሲባል ሰምቻለሁ።

ባለ ሰዓቱ፦ ሃንጋሪ ደብረጸን ያለው ነው። በመጋቢት 2023 ኤንቪዲያ ኦምኒቨርስ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ፋብሪካውን በኮምፒውተር ውስጥ ከፈቱት። እውነተኛው መኪና በብዛት መመረት የጀመረው በ2025 መጨረሻ አካባቢ ነው። በመሀል ያሉትን ዓመታት የተጠቀሙበት አቀማመጥ ለማረም ነው። ሮቦቱ ክንዱን ሲያዞር ምሰሶ ይነካል ወይ? ዕቃው በዚህ በር ያልፋል ወይ? ኮንክሪት ከፈሰሰ በኋላ ይህን ማወቅ በጣም ውድ ነው።

ይሄ ግን የቦታ ጥያቄ ነው። «በቀን ስንት ይወጣል? ወረፋው የት ይከማቻል?» የጊዜ ጥያቄ ነው። ቆንጆ ሥዕል የጊዜ ጥያቄን አይመልስም። ለጊዜ ጥያቄ የሚያስፈልገው ዲስክሪት ኢቨንት የሚባለው፣ እያንዳንዱን ክስተት በጊዜ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ሲሙሌሽን ነው፤ አይቢኤም ውስጥ ጄፍሪ ጎርደን ጂፒኤስኤስ የሚባለውን የሲሙሌሽን ቋንቋ ከሠራበት ቢያንስ ከ1961 ጀምሮ ያለ።

ኮድ ወዳጅ፦ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ባለ ሰዓቱ፦ ለምን ሥራ?

የመቀሌ ልጅ፦ እኔም ልጠይቅ ነበር፣ አሬና ወይስ ኤኒሎጂክ?

ባለ ሰዓቱ፦ ለምን ሥራ እንደሆነ ሳትነግሩኝ መመለስ አልችልም።

ኮድ ወዳጅ፦ እኔ ሲምፓይ ነው የምለው። ነፃ ነው። ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የሚችል ሰው ለምን ገንዘብ ያወጣል?

ፕሮዳክሽን ሺፍት ለ፦ አለቃዬ ኮድ አያነብም ወንድሜ። የሚንቀሳቀስ ነገር በዓይኑ ካላየ አይፈርምም።

ኮድ ወዳጅ፦ ለአንድ ስብሰባ ብለህ የዓመት ላይሰንስ ትገዛለህ? በዶላር?

ፕሮዳክሽን ሺፍት ለ፦ ስብሰባው እኮ ነው ማሽኑን የሚያስገዛው። አንተ ስብሰባ ገብተህ አታውቅም።

ባለ ሰዓቱ፦ ይብቃ። ሁለቱም ይሠራሉ። ሁለቱም የተሳሳተ ቁጥር ስታስገቡባቸው የተሳሳተ መልስ ይሰጧችኋል። ቀጣይ።

የሐዋሳ ጋርመንት፦ ሰላም ኢንጂነር። የስፌት መስመር ላይ ነው የምሠራው። አንድ ጣቢያ ላይ ሥራው በአማካይ 40 ሰከንድ ይፈጃል። ልብሱ በአማካይ በ42 ሰከንድ አንድ ይመጣል። በኤክሴል ስሠራው ወረፋ የለም። መስመሩ ላይ ግን ሁልጊዜ ክምር አለ። ምን አጠፋሁ?

ባለ ሰዓቱ፦ እህቴ፣ ዛሬ ማታ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ኤክሴሉ አልዋሸሽም። ያልጠየቅሽውን አልነገረሽም እንጂ። አማካይ ብቻ ስታስገቢ እያንዳንዱ ልብስ ልክ በ40 ሰከንድ ያልቃል፣ ልክ በ42 ሰከንድ ይመጣል ማለትሽ ነው። እንዲህ ዓይነት ልብስ ሰፊ የለም። አንዱ 25 ይፈጃል፣ አንዱ 70። ሦስት ልብስ ተከታትሎ ይመጣል፣ ከዚያ ለሁለት ደቂቃ ምንም የለም። ባዶ የሆነው ጊዜ አይጠራቀምም። የተከማቸው ወረፋ ግን ይቀራል።

ቁጥሩን ልስጥሽ። መምጫውም ሥራውም በጣም የሚለዋወጥበትን፣ መማሪያ ላይ የምናገኘውን ቀላሉን የወረፋ ሞዴል ውሰጂ። ጣቢያው ከጊዜው 80 በመቶ ከተያዘ፣ ልብሱ በአማካይ የሥራውን 4 እጥፍ ይጠብቃል። 90 በመቶ ከሆነ 9 እጥፍ። 95 በመቶ ከሆነ 19 እጥፍ። የአንቺ 40 ለ42 ሲካፈል ከ95 በመቶ ትንሽ አልፏል፣ 20 እጥፍ ይመጣል። በ40 ሰከንድ አባዢው፤ 13 ደቂቃ አለፈ። የእናንተ መስመር እንደዚያ ሞዴል ስለማይዋዥቅ ከዚህ ያንሳል። ዜሮ ግን አይሆንም።

ስለዚህ አማካይ ብቻ አታስገቡ። ቢያንስ 30 ጊዜ በሰዓት ለኩና እያንዳንዱን ቁጥር ጻፉ።

ማስተርስ ተማሪ፦ ሴንሰርና ኤአይ ባለበት ዘመን በስቶፕዎች መለካት ኋላ ቀር አይሆንም?

ባለ ሰዓቱ፦ አይሆንም። አንድ ያየሁትን ልንገርህ። አንድ የጠርሙስ ፋብሪካ ውስጥ መዝገቡ የመለያ መለጠፊያውን ማሽን «ችግር የለበትም» ይላል። ሞዴሉ በመዝገቡ ተሠራ። ኮምፒውተሩ ከእውነተኛው ምርት እጅግ የበለጠ ሰጠን። ምክንያቱ አልገባንም። ከማሽኑ አጠገብ ለአንድ ሙሉ ፈረቃ ቆምኩ። መለያው በየጥቂት ደቂቃው ይጣመማል። ኦፕሬተሩ ክዳኑን ይከፍታል፣ ወረቀቱን በጥፍሩ ይልጣል፣ ሙጫውን በጨርቅ ይጠርጋል፣ ያስነሳል። 20 ሰከንድ፣ 30 ሰከንድ። ለምን አይመዘገብም አልኩት። «ከ10 ደቂቃ በታች የሆነ አይጻፍም ተብለናል» አለኝ። ያ ሁሉ 20 ሰከንድ ተደምሮ ነው ምርቱን የበላው። ሴንሰር ቢኖርም «ከ10 ደቂቃ በታች አትቁጠር» ተብሎ ከተሞላ ያው ነው።

ማስተርስ ተማሪ፦ እሺ፣ ኤአይስ? ሲሙሌሽንን ይተካዋል ይባላል።

ባለ ሰዓቱ፦ የሚሆነውን ልንገርህ። እንደ ምድጃ ውስጥ የሙቀት ፍሰት ያለው ከባድ ስሌት ሰዓታት ይፈጃል። ያንን ስሌት ብዙ ጊዜ ታስኬዳለህ፣ በውጤቱ ኤአይ ታሠለጥናለህ፣ ከዚያ ኤአይው በቅጽበት ይገምታል። ሰሮጌት ሞዴል ይሉታል። የፊዚክስ እኩልታዎችን ራሱ ሥልጠናው ውስጥ የሚያስገባውም አለ፤ እነ ራይሲ የተባሉ ተመራማሪዎች የ2019 ሥራ ነው በሰፊው ያስተዋወቀው። ገንዘቡም ወደዚህ እየሄደ ነው። የቺፕ ዲዛይን ሶፍትዌር ኩባንያው ሲኖፕሲስ የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ሠሪውን አንሲስን በሐምሌ 2025 በ35 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቅልሎ ገዛው።

ግን ተጠንቀቅ። ከተማረበት ክልል ስትወጣ እየተሳሳተ መሆኑን አይነግርህም። ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ አሠልጥነህ 1200 ብትጠይቀው፣ ያለ ምንም ማመንታት ቁጥር ይሰጥሃል። የሚያሠለጥነውም ሲሙሌሽኑ ነው፤ አስተማሪውን እንዴት ይተካል? አስተማሪው ደግሞ የሚቆመው በለካኸው ቁጥር ላይ ነው።

ካፒቴን፦ አየር መንገድ ያለው ሲሙሌተር ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ባለ ሰዓቱ፦ እሱ ሰው የሚሠለጥንበት ነው። የዛሬው ርዕሳችን አይደለም።

የኮምቦልቻው፦ መብራት መቋረጥን እንዴት ነው ሞዴል ውስጥ የምናስገባው? የውጭ መጻሕፍት ላይ የለም።

ባለ ሰዓቱ፦ ይህን ሁሉም ያንብበው። መብራት ለ4 ደቂቃ ሲሄድ መስመሩ የሚቆመው ለ4 ደቂቃ አይደለም። ጄኔሬተር እስኪነሳ ትጠብቃለህ። መስመሩ በአንዴ አይነሳም፣ ማሽን በማሽን ነው የሚነሳው። ፓስቸራይዘር (መጠጡን በሙቀት ከጀርም የሚያጸዳው ማሽን) ውስጥ የቆመው ጠርሙስ ከሚገባው በላይ ሙቀት ላይ ይቆያል፤ ጥራት ክፍል ሳያየው አይለቀቅም። ስለዚህ ሦስት ነገር ለይተህ መዝግብ፦ መብራቱ የጠፋበትን ጊዜ፣ መስመሩ ወደ ሙሉ ፍጥነቱ እስኪመለስ የፈጀውን፣ የተጣለውን ምርት።

የመቀሌ ልጅ፦ መቋረጡን ኤክስፖኔንሻል፣ ማለትም ሰዓት ሳይለይ በዘፈቀደ የሚመጣ ብናደርገውስ?

የኮምቦልቻው፦ አይሆንም፣ እኛ ጋ አመሻሽ ላይ ይበዛል። በዘፈቀደ አይደለም የሚመጣው።

ፕሮዳክሽን ሺፍት ለ፦ ሕዳሴ ተመርቆ የለ እንዴ? 5150 ሜጋዋት! ይሄ ጥያቄ ያለፈበት ነው።

የኮምቦልቻው፦ ማመንጨት ሌላ፣ ማድረስ ሌላ። ትራንስፎርመሩና መስመሩ ያው የድሮው ነው።

ኮድ ወዳጅ፦ እኛ ሰፈር ግን በጣም ተሻሽሏል።

ባለ ሰዓቱ፦ ስለ መብራት ሌላ ቀን እናወራለን። የኮምቦልቻው ልክ ነው፤ ሰዓት የሚከተል ከሆነ ለየሰዓቱ ለይተህ አስገባ። የትኛው እንደሆነ የምታውቀው መዝግበህ ነው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም፣ አሁን ነው የገባሁት። የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?

ባለ ሰዓቱ፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

የመቀሌ ልጅ፦ ክላውድ ላይ ማስኬድስ?

ባለ ሰዓቱ፦ ብዙ ድግግሞሽ በአንዴ ለማስኬድ ጥሩ ነው። አንድ ጊዜ አስኪዳችሁ ባገኛችሁት ውጤት ግን ማሽን አታስገዙ። የዕድል ነገር ስላለበት ደጋግሙት፤ ውጤቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሚሆን አሳዩ። ባዶ መስመር ሲጀምር ያለውን ማሟቂያ ጊዜም ከስሌቱ አውጡት።

የሐዋሳ ጋርመንት፦ ኢንጂነር፣ የማታ ፈረቃ ላይ ስለነበርኩ አሁኑኑ ሄጄ 30 ልብስ ለካሁ። አብዛኛው ከ31 እስከ 48 ሰከንድ ነው። ሁለቱ ግን 110 እና 126 ሆኑ። ተሳስቼ ነው ብዬ ልሰርዛቸው?

ባለ ሰዓቱ፦ እንዳትሰርዢ! በርቺ፣ ይሄ ነው ሥራ ማለት። በሁለቱ ጊዜ ምን ሆነ?

የሐዋሳ ጋርመንት፦ አንዱ ላይ ክር ተበጠሰ። ሌላው ላይ ቦቢን (የታችኛው ክር መጠቅለያ) አልቆ ልጅቷ ልታመጣ ተነሳች።

ባለ ሰዓቱ፦ እነሱ የስፌት ጊዜ አይደሉም፣ መቆም ናቸው። ከስፌቱ ለይተሽ ሌላ ዓምድ ላይ ጻፊያቸው። ነገ ደግሞ ልብስ መቁጠሩን ተዪና ቦቢን በስንት ልብስ እንደሚያልቅ ቁጠሪ። ቦቢኑ የሚቀመጥበት ቦታ ከማሽኗ ስንት እርምጃ ይርቃል?

የሐዋሳ ጋርመንት፦ ሃያ ገደማ።

ባለ ሰዓቱ፦ ሞዴሉን ስትሠሪ መጀመሪያ የምትፈትኚው ለውጥ እሱ ይሁን፦ ቦቢኑ ጠረጴዛዋ ላይ ቢቀመጥ።